የኢንጂነሩ ማራገቢያ

ልጄ የኮምፒውተሯን ጎን ፈትታ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ በእጅ ባትሪ ሆዱን ስታይ ደረስኩባት። ሻይ ይዤላት ነበር የገባሁት። ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላስታውስም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካ ከወጣበት ፍጥነት በላይ ላስሮጠው ነው፣ እማ። የመጀመሪያዬ ስለሆነ አታስጨንቂኝ።»

መጨነቅ ሥራዬ ነው። ስታስነጥስ እጨነቃለሁ፤ ዝም ስትል ይብስብኛል። አሁን ግን ከጭንቀቴ በፊት አንድ ጥያቄ ከአፌ አመለጠኝ።

«እና ማን ሊያራግብለት ነው?»

ቀና አለች። «ማን ሊ... ምን?»

«ማራገብ ነዋ። በካርቶን።»

ወለሉ ላይ ተዘርራ ሳቀች። እንባዋን እየጠረገች ፊቴን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። «እማ፣ ማን ነው በካርቶን ያራገበው?»

ያራገብኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ «ከአንቺ ዘንድ ሆና ትማርልኝ» ብላ ለታላቅ እህቷ ሰጥታኛለች። አክስቴን እቴቴ እላታለሁ። እቴቴ «ለከርሞ ትምህርት ቤት ትገባለች» ትላለች፤ ከርሞው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ከርሞ አለ። እስከዚያ ውሃ እቀዳለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ።

የእቴቴ ባል የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ዕቃ ጠባቂ ነበር። ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ስሙን ማን እንዳወጣለት አልሰማሁም፤ ዛሬ ሳስበው ራሱ ያወጣው ይመስለኛል። በሸሚዙ ኪስ እስክሪብቶ ደርድሮ ይሰካል፤ አብዛኞቹ አይጽፉም። ሬዲዮ ከተበላሸ ይፈታል፤ ሲገጥመው ብሎን ይተርፈዋል። የተረፈውን «ይሄ ሲጀመርም ትርፍ ነበር» ብሎ ጣሳ ውስጥ ይወረውረዋል። እኔ ያንን ጣሳ እያየሁ እደነቅ ነበር። ፋብሪካው በዚህ ሁሉ ብሎን ያቆመውን ሬዲዮ ይህ ሰው ያለ ብሎን ማቆም ችሏል! ሬዲዮው ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ ብሎ እንደማያውቅ ያስተዋልኩት አድጌ ነው።

ይህ ሰው የፊት ለፊቱን ክፍል የጽሕፈት አገልግሎት አደረገው። ኮምፒውተር አስገባ፣ ፕሪንተር አስገባ፣ በሩ ላይ ከበሩ የሚበልጥ ማስታወቂያ ሰቀለ፣ ታይፒስት ቀጠረ። ታይፒስቷ የመነጽሯ ጆሮ በክር የታሰረ፣ ከአፏ የክብሪት እንጨት የማይጠፋ፣ ቀጭን ልጅ ነበረች። ሰው ሲያናግራት ጣቷ አያቆምም፤ ዓይኗም አይነሳም። እኔ ኩራተኛ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር።

የሁሉም ነገር መነሻ ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ አንሺ ነው። አዲስ ኮምፒውተር ገዛና ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ፍጥነቱ አወራ። ኢንጂነሩ ይህን ሰምቶ ለምሳ ሲመጣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሁለት ጉርሻ እንደጎረሰ ተነስቶ የፊት ለፊቱ ክፍል ገባ፤ እቴቴ ውሃ ይዛ ተከተለችው፣ እኔም እቴቴን ተከተልኩ።

«የእኛው ማሽን ሰነፍ አይደለም» አላት። «ፋብሪካው አስሮት ነው የላከው። ፍጥነቱን ይቆልፉና ይሸጡልሻል፤ ከዚያ ቀርፋፋ ነው ብለሽ ሌላ እንድትገዢ ነው። እኔ ልፈታው ነው።»

«እንዳይበላሽ ብቻ» አለች እቴቴ።

«አንቺ ውሃውን አምጪ።»

ታይፒስቷ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ የምጽፈው በጣቴ ነው። ጣቴንም ይፈቱልኛል?» አለች።

«አንቺ የምታውቂው መደብደብ ነው። ስለ ውስጡ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ውስጡማ ምን አውቄ። ስለ ጣቴ ነው የጠየቅኩት።»

እሱ ሳቀ፤ እኔም እሱን አይቼ ሳቅኩ። ቀንታ ነው ብዬ አሰብኩ። የታሰረ ነገር ሲፈታ የሚከፋው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

እሑድ ጠዋት እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ታጠበ። ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም ይመስል ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ ገባ፤ እቴቴ በሩን ከፈተችለት። የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ፈታ። ማሽኑ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ደጋግሞ ጠቀጠቀ፤ ቁጥር የተሞላ ሰማያዊ ገጽ መጣ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባው «በጣም ቀስ እያልክ ጨምር» ብሎት ኖሯል። «ቀስ ማለት ለፈሪ ነው» አለና ቁጥሩን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሰቀለው።

ማሽኑ ጠፋ። ደግሞ ሊነሳ ሞከረና ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

«ምን ሆነ?» አለች እቴቴ።

«እያሰበ ነው።»

ቆመን ጠበቅን። ማሽኑ አላሰበም። የኢንጂነሩ ላብ ከአገጩ ወደ ሳጥኑ ሆድ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። በመጨረሻ ተናደደና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታህል ባትሪ ነቅሎ ወለሉ ላይ ወረወራት። ፈልጌ ያመጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከቁም ሳጥኑ ሥር ነበረች። መልሶ ሲሰካት ማሽኑ ነቃ።

«አየሽ?» አለ ለእቴቴ። «መቼ መንቀል እንዳለብሽ ማወቅ ነው።»

በዚያች ባትሪ መውጣት ማሽኑ ያን የማይረባ ቁጥር ረስቶ ወደ ፋብሪካው ልኩ ተመልሶ ኖሯል። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት። ያዳነው ንዴቱ ነው፤ ሰውዬው በዕድሜው ሁሉ የሠራው ትክክለኛ ጥገና ይኸው አንዱ ሲሆን፣ እሱንም መሥራቱን አላወቀም።

ሁለተኛውን ጊዜ ትንሽ ጨመረ፤ ኃይሉንም አብሮ ከፍ አደረገው። ማሽኑ ተነሳና ስክሪኑ ጥግ ላይ ከበፊቱ የሚበልጥ ቁጥር ታየ። «አጨብጭቡ!» አለ። አጨበጨብን። እቴቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው።

ኢንጂነሩ ባለፈው ዓመት ሲቀበር የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው «ለቴክኖሎጂ እጅግ ቅርብ የነበሩ» ሲል ሰማሁ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ከኋላ ቆሜ፣ ለቴክኖሎጂ ቅርብ የነበርኩትስ እኔ ነኝ፣ አፍንጫዬ ሊነካው ምንም አልቀረውም አልኩ በሆዴ።

ያን ዕለት ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ ማሽኑ ደረቀ፤ ቁልፍ ቢነካም አልንቀሳቀስ አለ። ኢንጂነሩ እጁን ከትቶ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ብረት ነካና ጣቱን ወደ አፉ ወሰደው። ብረቱ ላይ የምትሽከረከረውን ትንሽ ፋን ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አያት፤ ሌባ እንደያዘ ሰው ነው ያያት።

«ይቺ ናት!» አለ። «ኤሌክትሪክ የምትሻማው ይቺ ናት። ፕሮሰሰሩ ድርሻውን የሚያጣው ለዚህች ሲባል ነው።»

ነቀላት።

«እና በምን ሊቀዘቅዝ ነው?» አለች እቴቴ።

ኢንጂነሩ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። ዓይኑ ወንበሩን አለፈ፣ ፕሪንተሩን አለፈ፣ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠራለች?»

የወረቀት ካርቶን ክዳን ቀዶ ሰጠኝ። «ከዛሬ ጀምሮ የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊ ነሽ» አለኝ። እቴቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በዚያ ቤት ኃላፊ ተብዬ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ታይፒስቷ መጥታ ከሳጥኑ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጬ ሳራግብ አየችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የክብሪት እንጨቷን ከአፏ አወጣች።

«ፋኗን ነቅሎ ልጅ ሰካ!» አለች።

ልጄ ይህንን ስነግራት፣ «እማ፣ ያቺ ፋን የምትበላው ኤሌክትሪክ እኮ ከዚህች መብራት ያንሳል» ብላ የራስጌ መብራቷን አሳየችኝ። ከዚያ አንድ ስድብ ጨመረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣት ነበር።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ሳምንታት የልጅነቴ ምርጥ ጊዜ ናቸው። ዱካዬ በሳጥኑና በታይፒስቷ ወንበር መካከል ነው። ከሳጥኑ የጋለ አቧራ ሽታ ይወጣል፤ ፕሪንተሩ ከወዲያ በኩል ይንጨረጨራል። ቀኝ እጄ ሲዝል ወደ ግራ እቀይራለሁ፤ ሲቀየር እንኳ ነፋሱ እንዳይቋረጥ አድርጌ ነው። ስክሪኑ ከራሴ በላይ ነው። ቀና ስል ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ ይላሉ። የሚወጡት በእኔ ነፋስ ይመስለኝ ነበር፤ ጠንክሬ ሳራግብ ጠንክረው የሚመጡ።

ታይፒስቷ ደግሞ አንድ መጥፎ ልማድ ነበራት። የምትጽፈውን በአፏ ታነበንባለች። «ክ» ትላለች፣ ክ ይመጣል። ሌላ ቁልፍ ትነካና «ኩ» ትላለች፤ ያው ክ እዚያው ተቀምጦ ኩ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው። ታይፕ የሚመቱ ሰዎች የሚይዛቸው በሽታ ነው ብዬ አዘንኩላት። አንዳንዴ ደግሞ በእስክሪብቶዋ ስክሪኑን ትነካና «ይቺ ማን ናት?» ትለኛለች። እንቅልፍ ወስዷት ይሆን ብላ እየጠበቀችኝ ነው ብዬ እናደዳለሁ። አለመተኛቴን እንድታውቅ ጮክ ብዬ «ኩ!» እላታለሁ።

«ጎበዝ። ይቺስ?»

«ሩ!»

«እሷስ ሮ ናት። ደህና አድርገሽ እያት፣ ሆዷን።»

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ስትገባ እኔም የጎልማሶች ትምህርት ጀመርኩ። አስተማሪዋ ሰሌዳ ላይ ጽፋ «ይቺ ማን ናት?» ስትል ከክፍሉ ሁሉ ቀድሜ፣ እንደ እብድ ጮክ ብዬ መለስኩ። «ከዚህ በፊት ያስተማረሽ ሰው አለ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። በእውነት የነገርኳት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ለነገሩ ብዬ እቴቴን ጠየቅኳት፤ ያቺ ታይፒስት ለምን ነበር እንደዚያ የምታነበንበው? እቴቴ ግራ ገባት። «እሷ? አንቺ ወደ ጓሮ ስትወጪ እኮ የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።»

ማሽኑ ግን አልተስማማውም። ይደርቃል፤ ሲነሳ የተጻፈው ገጽ የለም፤ አንዳንዴ ገጹ አለ፣ መሐሉ ላይ ግን ማንም ያልጻፈው ቅራቅንቦ ሞልቶበታል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሰጠን ተማሪ መጥቶ የወጣለትን ወረቀት አየና፣ «ይሄ የማን ቋንቋ ነው?» አለ።

«የታይፒስቷ» አለ ኢንጂነሩ። «ማሽኑ ፈጥኗል፤ እሷ አልደረሰችበትም።»

ተማሪው እንደሄደ ታይፒስቷ ተነሳች። «ጋሼ፣ ይስሙኝ። ወደነበረበት ይመልሱት። ፋኗንም ይስኩ። እኔ በፊትም ሠርቼበታለሁ፣ ምንም አልጎደለኝም።»

«ፈርተሻል።»

«አዎ፣ የጻፍኩት እየጠፋ መፍራት ሲያንሰኝ ነው።»

እቴቴ በሩ ላይ ሆና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ነበር። «እሰይ፣ እንዲያውም መልሰው» አለች። «ፋኗ ከተመለሰች ልጅቷን ትለቁልኛላችሁ። ጓዳው ዕቃ በዕቃ ሆኗል።»

ታይፒስቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ እያራገብኩ ነው። ለምን እንደምታየኝ ስላልገባኝ፣ ልታሳብብብኝ ይሆናል ብዬ ይበልጥ አራገብኩ። እሷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው።

«ይሁን፣ ተዉት» አለች። «እንደገና እጽፈዋለሁ።»

«ገባት!» አለ ኢንጂነሩ በደስታ። «ቀስ ብሎ ሲያስረዱት የማይገባው ሰው የለም።»

እኔም ናቅኳት። አንድ ቃል እንኳ ሳትጨምር ተሸነፈች። ከዚያ ቀን በኋላ እያንዳንዱን ገጽ ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ ስትጽፍ አይቻታለሁ፤ የጠፋውን እንደገና «ክ፣ ኩ» እያለች። አለመቻሏ ነው እያልኩ አራግብላታለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኢንጂነሩ ፎቶ አንሺውንና ሁለት የመጋዘን ባልደረቦቹን ጠራ። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ሰማያዊው ገጽ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ጨመረ፤ የፎቶ አንሺው ቁጥር ከታች መቅረት አለበት። ታይፒስቷም እንድትመጣ ታዛለች፤ ክብሪቷን እያኘከች ተቀምጣለች።

ማሽኑ ተነሳ። ቁጥሩ ታየ። ባልደረቦቹ «አጃኢብ ነው!» አሉ። ፎቶ አንሺው ወንበር ስቦ ተቀመጠና እግሩን አነባበረ።

«ጥሩ። እና ምን ይሠራል?»

ኢንጂነሩ ለዚህ አልተዘጋጀም ነበር። «እንዴት ምን ይሠራል?»

«አሳየና። ፈጠነ አልክ። ፈጥኖ ምን አደረገ?»

ኢንጂነሩ ወደ ታይፒስቷ ዞረ። «ጻፊ!»

«ምን ልጻፍ?»

«ምንም ይሁን! ብቻ ፈጠን በይ!»

ታይፒስቷ ወደ እኔ አየችና መጻፍ ጀመረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። እኔ በሁለት እጄ ካርቶኑን ይዤ በሙሉ ጉልበቴ አራግባለሁ። ከሳጥኑ የሚመጣው ሙቀት ቅንድቤን ይለበልበኛል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቷል፤ ለመጥረግ እጅ የለኝም። ኢንጂነሩ ከኋላዬ ቆሞ «አያችሁ? ፋን የለም! የራሴ ዘዴ ነው!» ይላል።

ከፊደሎቹ መሐል አንዷ ግማሽ መጥታ ቆመች። ቀጥሎ አንድ ትንሽ ነገር ጠሽ አለ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ስክሪኑ ጠቆረ።

ፎቶ አንሺው ከወንበሩ ተነሳና ሱሪውን አራገፈ። «አልዋሸህም፣ ሲሞትም ፈጥኖ ነው» አለ።

ባልደረቦቹ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞክረው አልቻሉም። ኢንጂነሩ ወደ ታች አየ፤ እዚያ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ክንዷ ዛለ! አቁማ ነው!»

«አላቆመችም» አለች ታይፒስቷ። «ጎኔ ነበረች። አንድም ጊዜ አላቆመችም።»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ፤ አደባደብሽ ነው የገደለው! ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!» ከዚያ እንግዶቹ እየሰሙት መሆኑ ትዝ አለውና ድምፁን አለሰለሰ። «ልጅቷም ደክሟታል። ከዚህ ክፍል ትውጣና ትረፍ።»

ያን ሰዓት የተሰማኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ኩራት ነው። በዚያ ቤት ስኖር ትረፍ የተባልኩት ያኔ ነው። ኃላፊ ለሥራው የሚሰጠው ነገር መስሎኝ ቀና ብዬ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ሰምቻለሁ፤ ማሽኑ እስኪያገግም ነው አልኩ። ማሽኑ አላገገመም። ክፍሉ ለጎማ ማከማቻ ተከራየ። ከርሞም አልመጣም።

ታይፒስቷ ወንበሯ ላይ የምታነጥፈውን ትራስ በብብቷ ይዛ የግቢው በር ጋ አገኘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። አልቅሳ መሆን አለበት፤ እኔ ግን የፕላስቲኩ ጭስ ነው ብዬ ነበር። ጎንበስ አለችልኝ።

«እኔ ቤት ትመጫለሽ? ቅርብ ነው፣ ከውሃው ታንከር ቀጥሎ። እቴቴን እኔ እለምናታለሁ። ገና ብዙ ቀርቶናል እኮ።»

ምን እንደቀረን አልገባኝም። ክንዴን አይታ የተመኘችኝ መሰለኝ፤ እንደኔ የሚያራግብ ከየት ታገኛለች? እጄን ወገቤ ላይ አደረግኩ። ድምፄን እንደ ኢንጂነሩ ወፈር አደረግኩት።

«አንቺ ማሽን አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ምን ላራግብ እመጣለሁ?»

አየችኝ። ልትቆጣ ይሁን ልትስቅ አልለየሁትም። አንድ ነገር ልትነግረኝ አፏን ከፈተች፤ ልትነግረኝ እንደነበረም እርግጠኛ ነኝ። ግን እቴቴ ከውስጥ «አንቺ ልጅ! ቶሎ ነይ!» ብላ ተጣራች። ማሽኑ ነቅቶ፣ ያለ እኔ አልሆንላቸው ብሎ የተጠራሁ መሰለኝ። ታይፒስቷን እዚያው ትቼ እየሮጥኩ ገባሁ።

ሽንኩርት እንድልጥ ነበር የተጠራሁት።